ውኃ በሚሸሽበት አገር ዓሣን ለመዝናናት ማጥመድ፦ ለሐረርና ለድሬ ዳዋ አጥማጆች የአሠራር መመሪያ

ከሐረር ወደ ድሬ ዳዋ በሚወስደው መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው የሐረማያን ሐይቅ ከአንድ በላይ በሆነ መልክ ያውቀዋል። ዕድሜው የገፋው ዓሣ የሚጠመድበትና የሐረር ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚቀዳበት ሰፊ ሐይቅ እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ከ1990ዎቹ ማብቂያ በኋላ ያደገው ደግሞ ከብት የሚሰማራበት ደረቅ ሜዳ ሆኖ አይቶታል። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር የሚሳበው፣ ለከተሞች መጠጥ የሚሄደውና ከተራቆቱት ኮረብቶች እየታጠበ የሚገባው ደለል ተደማምረው ሐይቁን አደረቁት፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬ ዳዋ አካባቢ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መተኛት ሲጀምር፣ መንጠቆ ይዞ ዳር ላይ ለመቀመጥ እንዴት እንደሚጀመር የሚጠይቁኝ ወዳጆችም በረከቱ። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ለእነርሱ ነው።

መመሪያው ዓሣ በማጥመድ ለማይተዳደር፣ ቅዳሜና እሑድን ከውኃ ዳር ለማሳለፍ ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው። ልጆቹን በመረብ የሚያሳድግ አጥማጅ ዛሬ ላለማጥመድ መምረጥ ይቸግረው ይሆናል፤ ለመዝናናት የሚያጠምድ ግን ሁልጊዜ መምረጥ ይችላል፤ ስለዚህም ከእርሱ የሚጠበቀው ይበዛል። እንደ እኔ አመለካከት በእኛ አካባቢ ይህ ሰው መንጠቆ ከመያዙ በፊት ሊይዝ የሚገባው ደብተር ነው፤ ለምን እንደ ሆነ በቦታው እመለስበታለሁ።

አንደኛ፦ ውኃውንና ኃላፊውን ይወቁ

በድሬ ዳዋ ከተማ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆን ውኃ የለም፤ በከተማው መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በቅርብ ያሉት አማራጮች በከፍታው ላይ ያሉት እንደ ሐረማያና አዴሌ ያሉ ሐይቆች፣ ከሐረር በስተምሥራቅ የሚወርደው የኤረር ወንዝ፣ እንዲሁም ራቅ ብሎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መሥመር ላይ የሚገኘው አዋሽ ናቸው። እነዚህ ውኃዎች በተለያዩ አስተዳደሮች ሥር መሆናቸውን አይዘንጉ። ሐረማያና አዴሌ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ውስጥ ናቸው፤ የኤረር ሸለቆ ከሐረሪ ክልል አልፎ ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ይገባል፤ የአዋሽም ከፊሉ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ሐረር ላይ የተሰጠዎት የቃል ፈቃድ ሐረማያ ላይ አያገለግልም። ውኃው ወደሚገኝበት ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ማጥመድ ይፈቀድ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ዳርቻና በየትኛው ወቅት እንደሚከለከል ይጠይቁ። በፓርክና በመጠለያ ውስጥ ደግሞ የዚያው አስተዳደር ፈቃድ ሳይሰጥዎት መንጠቆ አይጣሉ። በአገር ደረጃ ጉዳዩን የሚገዛው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲሆን፣ ክልሎች በዚያ ላይ ተመሥርተው የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ።

ከጽሕፈት ቤቱ ቀጥሎ ሁለት ሰዎችን ያነጋግሩ። አንደኛው በዚያ ውኃ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ካለ እርሱ ነው፤ ሁለተኛው የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው ገበሬ ነው። ገበሬውን ማነጋገር ለምን እንደሚያስፈልግ ላይገለጥልዎት ይችላል፤ ነገር ግን የቧንቧው ጫፍ ባለፈው ዓመት የት እንደ ነበረና ዘንድሮ ስንት ሜትር ወደ ውስጥ እንደ ገፋው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ ልናገር። በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ዕቃ አያስቀምጡ፣ አይተኙም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የቀጠፈው ከላይ ከደጋው በወረደ ጎርፍ ነበርና፣ ከራስዎ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። አዋሽ አዞ አለበት፤ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት ርምጃዎች ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ሲመሽም ይውጡ። ዝግ ብሎ በሚፈስና ቀንድ አውጣ በሚታይበት ውኃ በባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል፤ ቦቲ ይጫሙ።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን ይምረጡ

በአካባቢያችን መንጠቆ ላይ በብዛት ሊመጡ የሚችሉት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው፤ በአዋሽ ላይ ቢልጫም ይጨመራል። የሦስቱም የመራባት ጠባይ ይለያያል፤ የማያጠምዱበትን ወቅት የሚወስንልዎትም ይኸው ጠባይ ነው።

ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ወይም ጭቃውን እየጠረገ እንደ ሳሕን ክብ የሆነ ጉድጓድ ያበጃል፤ ሴቷ እዚያ እንቁላል ከጣለች በኋላ እንቁላሉን በአፏ ሰብስባ ትወስዳለች፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉም ለአሥር ቀናትና ከዚያም በላይ በአፏ ይዛቸው ትቆያለች። በዚህ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ዳርቻው ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ካዩ በእግርዎ አይርገጧቸው፤ ቦታም ይቀይሩ። አምባዛ ደግሞ ዝናብ ሲጀምርና ውኃው በሣር ላይ መተኛት ሲይዝ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ጥልቀት አልባው ጎርፍ ይገባል፤ በዚያን ሰዓት በዱላ እንኳ መምታት ይቻላል፤ ይህንንም እንደ ጀብዱ የሚያወሩ አሉ። ቢልጫ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። በጣና ሐይቅ የቢልጫ ዘመዶች በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረብ እየጠበቃቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቁጥራቸው እጅግ ማሽቆልቆሉ በሚገባ የተጠና ነገር ነው። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ የበልግና የክረምት ዝናቦች ሳምንታት፣ እንዲሁም በወንዝ አፎች ላይ አያጥምዱ።

ሁለተኛው የዕረፍት ወቅት ግን በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም፤ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በጥርና በየካቲት ዝናብ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሐይቁ ተሸብሽቦ፣ ወንዙም ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ የቀሩት ዓሦች ለሚቀጥለው ዓመት ውኃውን ሁሉ የሚሞሉት ወላጆች ናቸው። ኩሬው ከወንዙ ከተቆረጠ በኋላ መንጠቆ አይጣልበትም። ማጥመዱ በዚያ ወቅት ቀላል መሆኑ ራሱ ሊያስጠነቅቅዎት ይገባል።

ሙቀትንም ይመልከቱ። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ በመሆኑ ከ16 እና ከ17 ዲግሪ በታች መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት መሄድ እንቅልፍን በከንቱ ማጣት ነው። ከፍታው ሌላም ነገር ያስከትላል። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በሐረማያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ይህ መጠን ወደ 7 ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያ ምክንያት አረንጓዴ የለበሰ ውኃ ቀን ኦክስጅን ሲያመርት ይውልና ሌሊቱን መልሶ ይጨርሰዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲተነፍሱ የሚታዩት ለዚህ ነው። እንዲህ ካዩ ያን ዕለት አያጥምዱ፤ በዚያ ሰዓት ተይዞ የተለቀቀ ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ሦስተኛ፦ ዕቃውን ያዘጋጁ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ዘንግ፣ ክር፣ ጥቂት መንጠቆዎች፣ ቡሽ፣ ፒንሳ፣ ባልዲ፣ የመለኪያ ሰሌዳና ደብተር ይበቃል። መረብ የንግድ አጥማጅ ዕቃ ነው፤ ለመዝናኛ አይያዝም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን በአንዳንድ አካባቢ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ትንሹንም ትልቁንም ሳይለይ የሚያደነዝዝና የሚገድል መርዝ ስለሆነ ጨርሶ የማይነካ ነገር ነው።

ክሩ ለዓሣ ማጥመጃ ተብሎ የተሠራ ናይለን ይሁን፤ ለቆሮሶ ውፍረቱ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ 0.40 አካባቢ ይሁን። ቀጭን ክር ይመርጡ የሚል ምክር ሊሰጥዎት ይችላል፤ ነገር ግን በቀጭን ክር የተያዘ ትልቅ ዓሣ እስኪደክም ድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚጎተት፣ ቢለቀቅም ከድካሙ ላያገግም ይችላል። ክር ቢበጠስም መንጠቆው አፉ ውስጥ ይቀራል።

መንጠቆው ላይ ትንሽ ጊዜ ይስጡ። ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰች ትንሽ ጥርስ አለች፤ እርሷን በፒንሳ ተጭነው ያስተኟት። ጥርሷ የተኛች መንጠቆ ክሩ እስካልላላ ድረስ ዓሣውን አትለቅም፤ ሲያላቅቁ ግን ሥጋ ሳትቀድ ትወጣለች። ለአምባዛ ከተገኘ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ ይምረጡ፤ ዓሣው ቢውጠው እንኳ ክሩ ሲወጠር አብዛኛውን ጊዜ ተንሸራቶ በአፉ ማዕዘን ላይ የሚሰካ እንጂ ሆዱ ውስጥ የሚቀር አይደለም። በዚህ መንጠቆ ሲያጠምዱ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም፤ ክሩን ቀስ ብሎ ማወጠር ይበቃል።

ለክብደት እርሳስ ባይጠቀሙ ይመረጣል። ውኃ ዳር የቀረን እርሳስ ወፎች ከጠጠር ጋር ይውጡትና ይመረዛሉ። አንድ ሁለት ዳዶ ወይም የተበሳ ድንጋይ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ዋጋውም ኢምንት ነው።

የመለኪያ ሰሌዳውን ራስዎ ይሥሩ። ስድሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የለሰለሰ ጣውላ ያግኙ፤ በአንደኛው ጫፍ የዓሣው አፍ የሚያርፍበት ትንሽ እንጨት በቀጥታ አቁመው ይምቱበት። ከዚያ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ከልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ የሚገኘውን የስፌት ሜትር ከዜሮው ጀምረው ጣውላው ላይ በማጣበቂያ ይለጥፉና ቫርኒሽ ይቀቡት። የስፌት ሜትር ሲረጥብ ሊለጠጥ ስለሚችል ከመለጠፍዎ በፊት ከብረት ማስመሪያ ጋር ያስተያዩት፤ እኔ ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ የመጀመሪያውን ዓመት መዝገቤን በሙሉ እንደገና ማስላት ነበረብኝ።

አራተኛ፦ ማጥመድ

ስለዚህ ክፍል ከእኔ ይልቅ ውኃ ዳር የሚያገኟቸው ልጆች ያስተምሩዎታል። ለቆሮሶ የስንዴ ሊጥ ወይም የምድር ትል፣ ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ይስማማል። ምግብ እየበተኑ ዓሣ ለመሰብሰብ አይሞክሩ፤ በትንሽ ውኃ ውስጥ ያልተበላው ምግብ እየበሰበሰ ያለውን ኦክስጅን ይሻማል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ዘንግ በላይ አይጣሉ፤ ዘንጉንም ጥለው አይሂዱ፤ ማንም ሳያየው የቆየ መንጠቆ ይዋጣልና።

አምስተኛ፦ ማላቀቅና መልቀቅ

የሚለቁት ዓሣ ዋኝቶ መሄዱ ብቻ መትረፉን አያረጋግጥም። በሰዓታት ወይም በማግስቱ የሚሞተው ብዙ ነው፤ የሚገድሉትም በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መንጠቆ በጥልቅ መሰካቱ፣ ከውኃ ውጭ መቆየቱና የውኃው ሙቀት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በእጅዎ እስኪለምዱት ድረስ ይለማመዱት።

ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ባልዲውን ከዚያው ውኃ ይሙሉና ጥላ ሥር ያኑሩት። ሁለቱንም እጅዎን ያርጥቡ። በዓሣው ገላ ላይ ያለው የሚያንሸራትት ልባስ ከበሽታ የሚጠብቀው መከላከያው ነው፤ ደረቅ እጅ፣ ጨርቅ፣ በተለይም ፀሐይ የመታው ድንጋይና አሸዋ ይገፍፉታል። ዓሣውን በተቻለ መጠን ከውኃው ሳያወጡት መንጠቆውን በፒንሳ ይዘው በገባበት አቅጣጫ መልሰው ያውጡት። ጣትዎን ወደሚተነፍስበት ስንጥቡ አያስገቡ። ማንሳት ካስፈለገ አንድ እጅዎን ከሆዱ ሥር ያድርጉ፤ ዓሣውን ሲያነሡ የራስዎን ትንፋሽ ይያዙ፤ ትንፋሽዎ ሲያጥርዎት የእርሱ ከዚያ በፊት አጥሯል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወዳጅ ካለ ካሜራውን አስቀድሞ ያዘጋጅ።

አምባዛ ሲይዙ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በሁለቱ የደረት ክንፎቹ ፊት መጋዝ የመሰለ እሾህ አለው፤ ሲወራጭ መዳፍ ይወጋል። ከራሱ ኋላ ከእሾሆቹ በስተጀርባ በመዳፍዎ አጥብቀው ይያዙት። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል በደረቅ ላይ ብዙ ይቆያል፤ ሰውም ይህን አይቶ «ይህስ አይሞትም» ብሎ ፀሐይ ላይ ይጥለዋል። ቆዳው ቅርፊት የለውም፤ በፀሐይ ቶሎ ይቆስላል።

መንጠቆው ከጉሮሮ በታች ከሆነ አይጎትቱ። ክሩን ለመንጠቆው በጣም አቅርበው ይቁረጡና ዓሣውን ይልቀቁት። ይህን የተማርሁት በመጥፎ መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ ሁለት ብር የማያወጣ መንጠቆ ላስመልስ ብዬ የአንድ አምባዛ ስንጥብ ቀድጄ ደሙ ባልዲውን ሲያቀላው አይቻለሁ። ተቆርጦ የቀረ ተራ የብረት መንጠቆ ከጊዜ ጋር ዝጎ ሊወልቅ ይችላል፤ የማይዝግ ብረት ግን ስለማይበላ እንዲህ ያለውን መንጠቆ አይግዙ።

የያዟት ቆሮሶ ጉሮሮዋ ያበጠ ከሆነ ወይም ከአፏ እንቁላል ሲወድቅ ካዩ፣ ልኬቱን ይተዉና ወዲያው ውኃ ውስጥ ይመልሷት። ሲለቁ ዓሣውን ቀጥ አድርገው ውኃው ውስጥ ይያዙት፤ በወንዝ ከሆነ ፊቱን ወደ ምንጩ ያዙሩት፤ በራሱ ኃይል ከእጅዎ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቁ እንጂ አይወርውሩት።

ስድስተኛ፦ መለካትና መመዘን

የረጠበው ሰሌዳ ላይ አፉን ከእንጨቱ ጋር አስነክተው፣ ጅራቱን ሰብሰብ አድርገው እስከ ጫፉ ያለውን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይጻፉ። ለክብደት የረጠበ ፌስታል በእጅ ሚዛን ላይ ይስቀሉ፤ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ከነዓሣው መዝነው ልዩነቱን ይያዙ። ከሁለቱ ቁጥሮች የዓሣው ድሎት፣ ማለትም መወፈሩ ወይም መክሳቱ ይወጣል፦ ክብደቱን በግራም በ100 ያባዙ፤ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለራሱ ሦስት ጊዜ ያባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ለምሳሌ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 300 ግራም ክብደት ያለው ቆሮሶ 30,000 ሲካፈል ለ15,625፣ ማለትም 1.92 ይሆናል፤ ይኸው ርዝመት ኖሮት 240 ግራም የሚመዝነው ግን 1.54 ብቻ ነው፤ የከሳ ዓሣ ነው። ቁጥሩን በአንድ ውኃና በአንድ ዓይነት ዓሣ መካከል ብቻ ያወዳድሩ፤ የአምባዛ ገላ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከቆሮሶ ጋር አይወዳደርም።

ሰባተኛ፦ መዝገቡ

ከላይ እመለስበታለሁ ያልሁት ይህ ነው። ለእያንዳንዱ የማጥመድ ቀን አንድ መሥመር ይያዙ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የጀመሩበትና የጨረሱበት ሰዓት፣ የአጥማጆች ብዛት፣ የመንጠቆው መጠን፣ የውኃው ሙቀት፣ የተያዘው ዓሣ በዓይነትና በቁጥር፣ የተለቀቀውና የተወሰደው፣ በመጨረሻም የውኃው ከፍታ። ምንም ያልያዙበትን ቀን መጻፍ ግዴታ ነው። ባዶ ቀኖችን የሚዘል መዝገብ ውኃው ሲነጥፍም ዓሣ የሞላበት ያስመስለዋል፤ አብዛኛው ሰው ደብተሩን የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

የተያዘውን ቁጥር በሰዎችና በሰዓት ያካፍሉት። ሁለት ሰዎች አራት አራት ሰዓት ቆይተው ስድስት ዓሣ ቢይዙ ስምንት የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ስድስት ለስምንት ሲካፈል በሰዓት 0.75 ዓሣ ነው። የዓሣ ሳይንስ ባለሙያዎች ከጀልባና ከመረብ የሚሰበስቡትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት በአንድ ወር፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዓይነት መንጠቆ እየወረደ ከሄደ ዓሣው እየቀነሰ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። በኅዳር 0.75 የነበረው በየካቲት ወደ 1 ከፍ ቢል የሚደሰት ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ በመካከሉ የሐይቁ ስፋት በግማሽ አንሶ፣ የዓሣውም ቁጥር በሩብ ቀንሶ ቢሆን፣ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ያለው ዓሣ የበፊቱን አንድ ከግማሽ እጥፍ ይሆናል፤ መንጠቆዎ ቶሎ ቶሎ የሚነካው ዓሣ ስለበዛ ሳይሆን ቤቱ ስለጠበበው ነው። የውኃውን ከፍታ የማይጽፍ አጥማጅ ሐይቁ ሊደርቅ በተቃረበበት ወር ከሁሉ የተሻለ ዓመት እንዳሳለፈ ይመዘግባል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀንዎ የማይነቃነቅ ምልክት ይምረጡ፤ የድልድይ እግር፣ ትልቅ ቋጥኝ ወይም የዛፍ ግንድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ እስከ ውኃው ጠርዝ ያለውን ርቀት በእያንዳንዱ ጉዞ በርምጃ ይቁጠሩ፤ ርምጃዎንም አስቀድመው በሜትር ይለኩት። በደብተሩ ላይ የዓሣው ዓምድ ሲያድግ የርምጃውም ዓምድ አብሮ ካደገ፣ ማጥመዱን ያን ዕለት ያቁሙ።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ደብተር ዋጋ ያለው ነገር ይሆናል። ቅጂውን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ በሐረማያ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው።

ስምንተኛ፦ ለድስት የሚሆነውን መለየት

ሁሉንም ልቀቁ አልልም፤ ዓሣ ምግብ ነው። በሐረርና በድሬ ዳዋ ደግሞ ዓሣ የተለየ ጸጋ አለው፤ ሥጋ ሲሆን ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ ገበታ ይለያል፤ ዓሣ ግን በእስልምናም ሳይታረድ የተፈቀደ ስለሆነ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ጎረቤት ከአንድ ሳሕን ሊበሉት ይችላሉ።

ጥያቄው የትኛውን መውሰድ ነው። በብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሐይቆች ቆሮሶ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መራባት ይጀምራል፤ በጫሞ ግን ይህ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ እንደሚሆን ተጠንቷል፤ ስለዚህ የአንዱን ሐይቅ ልክ በሌላው ላይ ማጽደቅ ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹን የሚወስዷቸውን ዓሦች ሆድ ሲከፍቱ እንቁላልና የወንድ ዘር ያለባቸውን ከነርዝመታቸው ይጻፉ፤ ከአንድ ወቅት በኋላ የራስዎን ውኃ ልክ ያገኛሉ። ከዚያ ልክ በታች ያለው ሁሉ ይለቀቅ። እጅግ ትልቁም ይለቀቅ። ትልቅ እናት ዓሣ ከትንሿ የምትጥለው እንቁላል ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ለፎቶግራፍ የሚያምረው ዓሣ ለውኃውም ከሁሉ የከበረው ነው። ለድስት የሚሆነው መካከለኛው ነው።

ብዛቱንም በስሌት ይወስኑ። አሥር ወዳጆች በሳምንት አንድ ቀን አምስት አምስት ዓሣ ቢወስዱ በዓመት 2,600 ዓሣ ይሆናል፤ ለአነስተኛ ሐይቅ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እኔ የምሠራበት ልክ በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ነው፤ ሁለቱ ከተያዙ በኋላ የሚያጠምዱ ከሆነ የሚቀጥለው ሁሉ እንደሚለቀቅ አስቀድመው ይወስኑ።

የሚወስዱትን ዓሣ በገመድ አስረው ሲማቅቅ አይተዉት። ራሱን በከባድ እንጨት አንድ ጊዜ በኃይል ይምቱ፣ ስንጥቡን ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ፣ ሆዱን አጽድተው በረዶ ላይ ያድርጉት። በድሬ ዳዋ ሙቀት ያለ በረዶ የተጓዘ ዓሣ ቤት ሳይደርስ ይበላሻል፤ በረዶ ካልያዙ ያን ዕለት ሁሉንም ይልቀቁ። አንጀቱን ውኃ ውስጥ ወይም ዳር ላይ አይጣሉ፤ በጥልቅ ይቅበሩት። ሐረር ዙሪያ ከሆኑ ጥልቅ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ጅብ ያወጣዋል።

ዘጠነኛ፦ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው

ከሄዱበት ውኃ ሕይወት ያለው ነገር ይዘው አይመለሱ፤ ወደ ሌላ ውኃም አያስገቡ። ከአዋሽ በባልዲ የመጣ ሕያው ዓሣ በሐረማያ ውስጥ ቢለቀቅ በሽታ፣ ተውሳክ ወይም በዚያ ያልነበረ ዘር ሊያገባ ይችላል። እምቦጭም በክር ላይ በተጠመጠመ አንዲት ቁራጭ ይጓዛል፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁሉም ያውቃል፣ በአዋሽም ተፋሰስ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቦቲውን፣ ባልዲውንና ክሩን በቧንቧ ውኃ ያጠቡና በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያድርቋቸው፤ ድሬ ዳዋ ላይ ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የተቆራረጠውን ናይለን ውኃ ዳር አይተዉ፤ የወፍ እግር ያስራል። በአጫጭሩ ቆራርጠው ከቤትዎ ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት። በመጨረሻም የመንጠቆዎቹን ቁጥር ይቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ በደብተሩ ላይ ከዕለቱ መሥመር አጠገብ ስንት እንደ ቀረና የት እንደ ቀረ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ጉዞም ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሆነ ሄደው ይልቀሙት።